ሁሉ በእጁ ሳለ



ስለ ትሕትና ስብከት ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ሕፃናት በሰንበት ትምህርት ቤት ይማሩታል፤ በጸሎት ስብሰባም ብዙዎቻችን ጌታ ትሑታን እንዲያደርገን እንለምናለን። ነገር ግን ትሕትና በሥራ ቀን ምን እንደሚመስል፣ ይኸውም የመጋዘን ቁልፍ በያዘ፣ የስም መዝገብ በያዘ፣ የመኪና መሪ በጨበጠ ሰው ዘንድ ምን መልክ እንደሚኖረው ብዙ ጊዜ አይነገረንም። የርዳታና የልማት አገልግሎት ይህን ጥያቄ ከሌላው አገልግሎት ይልቅ አጥብቆ ያስነሣል። በዚህ ሥራ ሰዎች ሰጪና ተቀባይ ሆነው ይገናኛሉና። የሰጪው እጅ ከላይ፣ የተቀባዩ እጅ ከታች ይሆናል። ከላይ የዋለ እጅ ደግሞ ውሎ ሲያድር ከላይ መሆኑን ይለምደዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ትሕትና አስቀድሞ የሚጠየቀው በእጁ ነገር ካለው ሰው ነው። ድኃውን ትሑት ሁን ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ኑሮው ራሱ ዝቅ አድርጎታልና። የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት ግን ከዚያ በፊት ባለ ቁልፉን፣ ባለ መዝገቡንና ባለ ገንዘቡን ይጠራል።

ቃሉና ትርጉሙ

«ትሕትና» ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው። ሥሩ «ታሕት» ከሚለው ጋር አንድ ሲሆን፣ ዛሬ በአማርኛ «ታች» የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። እንግዲህ ትሑት ማለት በቀጥተኛ ትርጉሙ ወደ ታች የወረደ፣ ዝቅ ያለ ማለት ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ ቋንቋም «ታፔይኖስ» የሚለው ቃል እንደዚሁ ዝቅተኛውን ያመለክታል። በዚያ ዘመን በነበሩት ግሪኮችና ሮማውያን ዘንድ ይህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምስጋና ቃል አልነበረም። ለባሪያና ለወራዳ ሰው የሚነገር ነበር እንጂ፣ ክብሩን የሚያውቅ ጨዋ ሰው በዚህ ቢጠራ እንደ ስድብ ይቈጥረው ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ትሕትና በስፋት ከጻፈላቸው አንዷ የፊልጵስዩስ ቤተ ክርስቲያን ናት። ይህች ከተማ የሮማውያን ሰፈራ እንደ ነበረች በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ተጽፎአል። ከጦርነት የተመለሱ የሮማ ወታደሮች መሬት ተሰጥቶአቸው የሰፈሩባት፣ ሮማዊነት እንደ ትልቅ ማዕርግ የሚቈጠርባት ከተማ ነበረች። ጳውሎስ እንግዲህ በማዕርግ ለሚመኩ ሰዎች ከተማ፣ ባልንጀራን ከራስ የሚሻል አድርጎ መቍጠርን አስተማረ። ምክንያት አድርጎ ያቀረበላቸውም ክርስቶስን ነው። ከእግዚአብሔር ጋር እኩል ሲሆን የባሪያን መልክ እንደ ያዘ፣ እስከ መስቀል ሞት ድረስም እንደ ታዘዘ በምዕራፍ 2 ያስረዳል። ከዚያ ወዲህ በክርስቲያኖች ዘንድ፣ ዓለም ነውር ያለው ቃል የክብር ልብስ ሆነ።

የአገራችን ልማድና የወንጌል አቅጣጫ

እኛ ኢትዮጵያውያን ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ አለን። ታላቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብለን ከመቀመጫችን እንነሣለን። ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣለን። ከማዕድ በፊት የእንግዳውን እጅ እናስታጥባለን። አዛውንቱን አንቱ እንላለን። ይህ ሁሉ የተመሰገነ ነው፤ ሊጠፋም አይገባውም።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። በልማዳችን ጎንበስ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ታናሹ ለታላቁ፣ ሠራተኛው ለአለቃው፣ ድኃው ለባለጸጋው ነው። በገጠር ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ሲያርፍ እግሩ በሞቀ ውኃ ይታጠብለታል፤ የሚያጥበው ግን ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የቤት አገልጋይ ነው እንጂ አባወራው አይደለም። እንግዲህ ልማዳችን መጎንበስን አስተምሮናል፤ ወንጌል ደግሞ ወደ ማን መጎንበስ እንዳለብን ይጨምርልናል። ለአለቃው ጎንበስ የሚል፣ ለዘበኛው ግን ሰላምታ የሚነፍግ ሰው ልማዱን ያውቃል፤ ትሕትናን ግን ገና አልተማረም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የምናነበው ይህንኑ ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ከማጠቡ በፊት ወንጌላዊው አንድ ነገር ይነግረናል። አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣና ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ ኢየሱስ ያውቅ ነበር። ይህን እያወቀ ከእራት ተነሥቶ፣ ልብሱን አኑሮ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ። ቅደም ተከተሉን እንመልከት፤ ሁሉ በእጁ መሆኑ አስቀድሞ ተነገረ፣ ወዲያው ያ እጅ ጨርቅ አነሣ። ሥልጣኑን ስለ ረሳ ወይም ራሱን ስለ ናቀ አልተጎነበሰም። ማን እንደ ሆነ በሚገባ ስለሚያውቅ ክብሩን የሚቀማው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህም ያለ ፍርሃት ዝቅ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ትሕትና ከራስ ንቀት የተለየ መሆኑን ነው። ራሱን የሚንቅ ሰው ዘወትር ስለ ራሱ ያስባል፤ የሚኮራ ሰውም እንዲሁ። ሁለቱም በአንድ መስተዋት ፊት ቆመዋል። ትሑት ሰው ግን ከመስተዋቱ ፊት ዞር ብሎአል፤ ስለዚህ የባልንጀራውን እግርና በላዩ ያለውን አቧራ ለማየት ጊዜ አለው።

መቀበልም ትሕትና ይጠይቃል

በዚያው ምዕራፍ ጴጥሮስ እግሩን አላሳጥብም ብሎ ነበር። ነገሩ ለሰሚው ትሕትና ይመስላል፤ ደቀ መዝሙር በመምህሩ እንዴት ይታጠባል? ጌታ ግን አልተቀበለውም፤ ካልታጠበ ከእርሱ ጋር ዕድል እንደሌለው ነገረው። እንግዲህ ዘወትር ሰጪ ብቻ ለመሆን መፈለግና ከማንም ምንም አልቀበልም ማለት የትሕትና ልብስ የለበሰ ኵራት ሊሆን ይችላል።

ይህ ለርዳታ ሠራተኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእህል ማደያ ጣቢያ በአንድ ቀን ሁለት ነገር ታየ። ጠዋት አንድ ወጣት መዝጋቢ በሰልፉ የቆሙትን አንድ ሽማግሌ «አንተ፣ ና ወዲህ! ካርድህን አምጣ!» ብሎ ተጣራ። ሽማግሌው ቃል ሳይመልሱ ካርዳቸውን ሰጡ፤ ስንዴያቸውን ተቀብለው መሬት መሬት እያዩ ሄዱ። እኒህ ሰው ደግ ዘመን ሳለ በቤታቸው ስንት እንግዳ ያበሉ፣ በሸንጎ ስንት የተጣላ ያስታረቁ ይሆናሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት አሮጊት ተራ ደረሳቸው። የመጋዘኑ ሠራተኛ «እናቴ፣ እርስዎ ጥላው ሥር ይረፉ፤ እኔ አመጣልዎታለሁ» አለና ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ ከአህያቸው ላይ ጫነላቸው። አሮጊቲቱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁት፤ እርሱም ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ «አሜን፣ አሜን» እያለ ተቀበለ።

ሁለቱ ሰዎች የወሰዱት ስንዴ በሚዛን እኩል ነው። በወሩ መጨረሻ በሚጻፈው ሪፖርት ላይም ልዩነት አይታይም። ነገር ግን በመጀመሪያው እህል ብቻ ተሰጠ፤ በሁለተኛው ሰጪውም ተቀብሎ ሄደ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኆች መዋጮ ሲያሰባስብ ይህንኑ አስተምሯል። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 እንደምናነበው፣ የተረዱት ሰዎች ስለ ረዱአቸው እንደሚጸልዩና እንደሚናፍቁአቸው ይነግራቸዋል። በሮሜ ምዕራፍ 15 ደግሞ አሕዛብ ከኢየሩሳሌም መንፈሳዊውን በረከት ስለ ተካፈሉ፣ ሥጋዊውን ርዳታ መላካቸው ዕዳቸው መሆኑን ያስረዳል። በእርሱ ዓይን የኢየሩሳሌም ድኆች ባለ ዕዳ አልነበሩም፤ ገንዘቡን የላኩት ነበሩ። ተረጂ የምንለው ሰው ባዶ እጁን የመጣ ከመሰለን ገና በደንብ አላየነውም ማለት ነው።

የመበለቶቹ ማጕረምረም

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ስለ አንድ የዕደላ ችግር ተጽፎአል። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ለመበለቶች በየቀኑ ምግብ ይታደል ነበር። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕደላው ችላ ስለ ተባሉባቸው አጕረመረሙ። ዕብራውያን የተባሉት የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሐዋርያትም ከዚያው ወገን ነበሩ።

ሐዋርያት ምን አደረጉ? እኛን እንዴት ትጠራጠራላችሁ አላሉም። ጌታ በእጃችን የሾመን ነን ብለው አልተቈጡም። አጕረምራሚዎቹን ከመዝገብ አልሰረዙም። የቅሬታውን እውነተኛነት ተቀብለው ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ ምርጫውን ለሕዝቡ ሰጡ። የተመረጡት ሰባቱ ሰዎች፣ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና ኒቆላዎስ ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። ከስማቸው እንደሚገመተው፣ የዕደላው አደራ ቅሬታ ላሰማው ወገን ቅርብ በሆኑ ሰዎች እጅ ገባ። ሐዋርያት ትሕትናቸውን በጸሎት ብቻ አልገለጡም፤ ሥልጣንን በማካፈልና የአሠራር ለውጥ በማድረግ ገለጡት። ምዕራፉ ቀጥሎ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ እንደ ሄደ፣ የደቀ መዛሙርትም ቍጥር እጅግ እንደ በዛ ይነግረናል።

እንደዚሁም በምዕራፍ 11 በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ስለ ሆነው ራብ ተጽፎአል። የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ርዳታ ላኩ። ርዳታውን የወሰዱት በርናባስና ሳውል ናቸው። ሳውልን ከጠርሴስ ፈልጎ አምጥቶ ወደ አገልግሎት ያስገባው በርናባስ ነው፤ በመጀመሪያ ስማቸው ሲጠራም «በርናባስና ሳውል» ይባል ነበር። ከምዕራፍ 13 ጀምሮ ግን ብዙ ጊዜ «ጳውሎስና በርናባስ» ይባላል። ያመጣው ሰው ቀደመው፤ በርናባስም በዚህ እንደ ተከፋ የተጻፈ ነገር አናገኝም። በኋላ በማርቆስ ጉዳይ መከራከራቸው እውነት ነው፤ ትሕትና የአሳብ ልዩነትን አያጠፋምና። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ሌላ ወንድም ነበር እንጂ ማን ይቅደም በሚል አልነበረም። ፕሮጀክትን ለአካባቢው ሕዝብ ወይም ለወጣቱ ተተኪ ማስረከብ ለሚከብደን ሁሉ በርናባስ ምሳሌያችን ነው።

ትሕትና ዝምታ አይደለም

አንዳንድ ጊዜ ትሕትና አንገት ደፍቶ ዝም ከማለት ጋር አንድ ይመስለናል። ሥራ ሲሰጠን «እኔ ምን አውቃለሁ» እንላለን፤ በደል ስናይ «እኔ ማን ነኝ» ብለን እናልፋለን። ይህ ግን የትሕትና ሥራ አይደለም። ሙሴ በምድር ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደ ነበረ በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ተመስክሮለታል። ያው ሙሴ በፈርዖን ፊት ቆሞ ሕዝቡ እንዲለቀቅ ጠየቀ። ከዚያ በፊት አፌ ኰልታፋ ነው እያለ ተልእኮውን ደጋግሞ በሸሸ ጊዜ ግን እግዚአብሔር እንደ ተቈጣው በዘፀአት ምዕራፍ 4 እናነባለን።

ከራሳችን አገር ታሪክም ምሳሌ አለን። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1972) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ጉዳዩ የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት ግንኙነት ነበር። በዚያን ጊዜ በምዕራቡ ዓለም ያሉ ረጂዎች ለልማት ሥራ ገንዘብ ለመስጠት ፈጥነው ሲዘጋጁ፣ ለስብከትና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚሰጡት ግን ያነሰ ነበር። ደብዳቤው ይህን በግልጽ ነቀፈ፤ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ከፋፍሎ ማገልገል እንደማይገባ፣ አገልግሎት ለሙሉው ሰው መሆን እንዳለበትና የሚያስፈልገውን የምታውቀው በስፍራው ያለችው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነች አስረዳ። ተቀባይዋ ለሰጪዎቿ እንዲህ ስትጽፍ ርዳታው ሊቀርባት ይችል ነበር፤ እርስዋ ግን በአክብሮትና በእውነት ተናገረች። ደብዳቤውም በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ሰፊ ውይይት አስነሣ።

በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሓፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በኋላ በደርግ ዘመን ስደት በበረታ ጊዜ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተወሰዱና ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። የቄስ ጉዲና ዐፅም የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለ ራሱ ክብር የማይሟገት፣ ስለ መንጋው ግን ነፍሱን የማይሰስት ሰው ትሑት ይባላል። እንግዲህ ትሕትናን የተገፋውን ሰው ዝም ማሰኛ አድርገን እንዳንጠቀምበት እንጠንቀቅ። በቤትዋ የምትበደል እኅት፣ ደመወዙ የተያዘበት የቀን ሠራተኛ «ትሑት ሁን» ከማለታችን በፊት አቤቱታቸውን ልንሰማ ይገባናል።

በጣቢያና በመስክ

ለሥራ ባልደረቦቻችን ጥቂት ነጥቦችን እናቅርብ።

አንደኛ፣ አነጋገራችን። ሰው በተቸገረ ጊዜ ስሙና ዕድሜው አይቀነስም። በቀዬው አንቱ የሚባል ሰው በመጋዘን በር ላይም አንቱ ነው። «ተረጂ ቍጥር ይህን ያህል» ብለን በወረቀት ብንጽፍም፣ በአፋችን አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኅቴ እንበል።

ሁለተኛ፣ የሰው ጊዜ። ጠዋት ጥሩአቸው ብለን እኛ ቀትር ላይ በመኪና ስንደርስ፣ ጊዜአቸው ከጊዜአችን ያነሰ ነው ማለታችን ነው። በፀሐይ ለሚቆሙ ጥላና ውኃ ማዘጋጀት፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ አራሶችንና አረጋውያንን ማስቀደም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ መጠየቅና መማር። የግብርና ትምህርት ጥሩ ነው፤ ሆኖም ገበሬው መሬቱን በእግሩ ያውቀዋል። በደቡብ ያለች እናት የእንሰትን ዓይነት በቅጠሉና በግንዱ ቀለም ትለያለች፤ የትኛው ጥሩ ቆጮ፣ የትኛው ጥሩ ቡላ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚፈለግ ታውቃለች። ይህን ሳይጠይቁ ዘር ማምጣት ችኮላ ነው። በስብሰባም ሠራተኛው ቀድሞ ከተናገረ ሕዝቡ ያንኑ መልሶ ይነግረዋል፤ እንግዳ ሰው ማሳፈር ነውር ነውና። ስለዚህ እንጠይቅ፤ ከዚያም ዝም ብለን እንስማ።

አራተኛ፣ ተጠያቂነት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሥልጣንን የመብል ዕድል ያደርገዋል። ጳውሎስ ግን መዋጮውን ብቻውን ለመያዝ አልፈለገም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው ከሌሎች የታመኑ ወንድሞች ጋር እንዲሄድ አደረገ (2ኛ ቆሮ. 8)። እኔ የታመንኩ ነኝና አትቈጣጠሩኝ ማለት ኵራት ነው። የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ስሜ ቀርቶብኛል የሚል ሰው የሚናገርበት ቦታ ይኑር፤ ሚዛኑ ሁሉ በሚያየው ስፍራ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት እንቅስቃሴና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ባወጡት የአደጋ ርዳታ ሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ ዐሥር ነጥቦች አሉ። ዘጠነኛው፣ ድርጅቶች ገንዘብ ለሚሰጡአቸው ብቻ ሳይሆን ለሚረዱአቸውም ሰዎች ተጠያቂ መሆናቸውን ይገልጻል። ዐሥረኛው ደግሞ በዜናና በማስታወቂያ የተጎዱት ሰዎች ክብር ያላቸው ሆነው እንዲታዩ ያዛል።

ይህ የመጨረሻው እኛን በተለይ ይመለከተናል። በ1977 ዓ.ም. ከኮረም የወጣው የቴሌቪዥን ምስል የዓለምን ልብ ነክቶ ብዙ ርዳታ አስገኘ፤ ስለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ አገሩ ሲጠየቅ ያ ምስል ብቻ ይነሣበት ነበር። እንግዲህ ፎቶግራፍ ከማንሣታችን በፊት ፈቃድ እንጠይቅ። የራሳችን እናት ብትሆን በዚህ ሁኔታ ትታይ እንል ነበርን? ብለንም ራሳችንን እንመርምር።

ለምእመናን

በጸሎትና በገንዘብ የምትደግፉ ወገኖች፣ ትሕትና ለእናንተም የተላከ ደብዳቤ ነው። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 በምጽዋት ፊት መለከት ማስነፋትን ከልክሎአል። የዛሬ መለከት ብዙ ጊዜ ሰሌዳ ነው። በአንዳንድ ስፍራ የውኃ ጉድጓዱ ከደረቀ በኋላ እንኳ የሰጪው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቀለሙ ሳይለቅ ቆሞ ይታያል። ለሰሌዳው ከሚወጣው ገንዘብ ለፓምፑ መለዋወጫ ቢቀመጥ ስንት ማድጋ ይሞላ ነበር!

ደግሞም የተቀዳደደ ልብስ ለርዳታ የምናዋጣ ከሆነ፣ ስጦታው ስለ ተቀባዩ ያለንን አሳብ ይመሰክርብናል። በማርቆስ ምዕራፍ 12 ጌታ በመዝገብ ፊት ተቀምጦ ሰዎች እንዴት እንደሚሰጡ ያይ ነበር። ባለጠጎች ብዙ ጣሉ፤ አንዲት ድኃ መበለት ሁለት ናስ ጣለች። ጌታ የእርስዋን ከሁሉ አብልጦ ቈጠረው። የመቄዶንያ ምእመናንም ራሳቸው በጥልቅ ድህነት ሳሉ በመዋጮው ለመካፈል እንደ ለመኑ ጳውሎስ ይናገራል (2ኛ ቆሮ. 8)። ድኃ የሚሰጥ ከሆነ፣ ባለጸጋም የሚቀበለው ነገር ካለ፣ በጌታ ማዕድ ፊት ከላይና ከታች የሚባል መቀመጫ የለም ማለት ነው።

እንዴት እናድጋለን?

ትሕትና በመፈለግ ብቻ አይገኝም፤ ትሑት ሆንኩ ያለ ሰው በዚያው ቅጽበት አጥቶታልና። የሚገኘው ክርስቶስን እያዩ በየዕለቱ ትንንሽ ሥራ በመሥራት ነው። አለቃው አንዳንድ ቀን ከጫኞቹ ጋር ይሸከም። ሾፌሩ በመንገድ ያገኛቸውን አረጋዊ ሰላም ይበል። ጸሓፊዋ ማንበብ ለማይችለው ሰው ሳታስቸኩል ታንብብለት። ሰባኪው ከመድረክ ሲወርድ ወንበር ያንሣ። የታረምንበትን ነገር አመስግነን እንቀበል። በማሳ ላይ የምናየው ዛላ ያስተምረናል፤ ፍሬ የያዘው አንገቱን ይደፋል፣ ባዶው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ግን በጸሎት እንትጋ። በእጃችን ያለው ቁልፍ፣ መዝገብና ብር የእኛ አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜ በአደራ የተሰጠን ነው። አንድ ቀን ለሌላ እናስረክባለን። ያን ቀን የምንጠየቀው ስንት ኩንታል እንዳደልን ብቻ አይሆንም፤ ከእኛ የተቀበሉት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ወይስ ቀና አድርገው እንደ ሄዱም እንጠየቃለን።

ሁሉ በእጁ ሳለ ማበሻ ጨርቅ የታጠቀ ጌታ፣ በእጃችን ጥቂት ላለን ለእኛም ያንኑ አሳብ ይስጠን። አሜን።